አናጢው የት ሄደ

በስፌት ቤታችን አንድ ደንብ አለ። ከሰዓት በኋላ የሬዲዮ ድራማው ሲጀምር መኪናው ሁሉ ይቆማል፤ የሚሠራው የእጅ ሥራ ብቻ ነው። ያመለጣት ካለች በማግስቱ የሰማነው እንነግራታለን።

ምራቴ አጠገቤ ተቀምጣ ቁልፍ ትሰፋለች። ልጄ ከሞተ ወዲህ ቤትም ሥራም አብረን ነን፤ ስሙን ግን አንጠራም። ራሱን ነው ያጠፋው። ወንድሜ ለለቀስተኛው ድንገተኛ ሕመም ነው ብሎ ተናገረ፣ እኛም በዚያው ጸናን። ከዚያ ወዲህ ለእሷ እህል አይወርድላትም። ጓዟን ጠቅልላ እናቷ ቤት ልትገባ ነው ሲሉ ከሰው አፍ ሰማሁ። እሷ ከሄደች ልጄን አብሮኝ የሚያስታውስ ሰው ከቤቴ አለቀ።

አንድ ቀን ክር ልትገዛ ወጣች። በድራማው ውስጥ ሁላችንም የምንወደው ቀልደኛ አናጢ አለ። ያን ቀን ራሱን አጠፋ። ሴቱ ሁሉ መርፌውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ፤ ለካ ሁሉም ያውቁ ኖሯል። ጨርቅ ቆራጯ ተነስታ ሬዲዮውን ዘጋችው።

በማግስቱ ምራቴ አናጢው እንዴት ሆነ ብላ ጠየቀች። ቆራጯ ጉሮሮዋን ጠራረገችና ሩቅ አገር ሥራ አግኝቶ ሄደ አለች። ሌላዋ በአውሮፕላን አሳፈረችው። ሦስተኛዋ ወፍራም ኮት አለበሰችው፣ አገሩ ብርድ ነው ብላ። ወሬው ጣማቸው መሰለኝ ይሳሳቁ ጀመር። ክፋት የላቸውም፤ ለእኛው አዝነው ነው።

ምራቴ፣ "ሚስቱን ሳይሰናበት?" አለች።

  ልጄም እንዲህ ነው በሰው አፍ ሌላ ሞት የሞተው።

"የትም አልሄደም፤" አልኩ። "ራሱን አጠፋ።"

ቆራጯ እጄን ያዘችኝ። "እትዬ፣ ተይ እንጂ።"

"አልተውም። የኔም ልጅ እንደዚያው ነው የሞተው።"

ካውያው ጨርቅ ላይ ተረስቶ ሸተተ። ምራቴ መርፌዋን ሰካች፤ ዓይኗ እኔ ላይ ነው።

"ሚስቱን ወቀሷት፣ እማዬ?"

"እኔ እንጃ፣ ሬዲዮው ተዘጋ። እኔ ግን አልወቅስሽም።"

"ያን ቀን ጠዋት ተጣልተን ነው የወጣው።"

"አውቃለሁ፣ በግድግዳው ይሰማ ነበር። ከእኔም ጋር ስንቴ ተጣልቶ ወጥቶ፣ ማታ ተመልሶ እራቱን በልቷል። ጠብ አይደለም የገደለው፤ መንፈሱ ታሞ ነበር፣ ሕመሙን ደበቀን።"

በቀብሩ ያላለቀሰችውን ያን ጊዜ አለቀሰች። እኔም አልቀረሁ።

ሰዓቱ ሲደርስ ሬዲዮውን ራሷ ከፈተችው። ድራማው ላይ ስለ አናጢው አንድም ቃል አላነሱም፤ ስለ ሠርግ ነበር የሚያወሩት። ምራቴ ቁልፏን እየሰፋች የልጄን ስም ጠራችና፣ "እሱ ቢሆን ይሄን ጊዜ በሙሽራው ይስቅበት ነበር" አለች።

ትሄድ እንደሆነ አልጠየቅኳት። ስሙን ድገሚልኝ ብቻ አልኳት።