ምንም የሌለበት ሾርባ

እትዬ ሙያ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ግንበኞች ናቸው። ወገባቸው እምቢ እስኪላቸው ድረስ ሕንፃ በሚሠራበት ሁሉ እየዞሩ ለሠራተኛ ምግብ ሲያበስሉ የኖሩ ሴት ናቸው። "የእትዬ ሙያን ድስት ጥሎ የት ይኬዳል?" ብሎ የተሻለ ሥራ ያሳለፈ አናጢ ነበር ይባላል። ይህን የሚያወሩት እርግጥ ራሳቸው ናቸው፤ ውሸት ግን አይደለም። እጃቸው ያረፈበት ነገር ይጣፍጣል።

ሥራውን ሲተዉ አንድ ልጃቸው ወደ ቤቱ ወሰዳቸው። ልጃቸው ሊፍት ጠጋኝ ነው። ሚስቱ ደግሞ አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጣ የትኛው መኪና ከየትኛው በር እንደሚነሳ ለተሳፋሪው ትናገራለች። ድምጿ ሲሰሙት አይጠገብም። ባልና ሚስት ቀኑን ሙሉ ውጭ ስለሚውሉ ጓዳው ማንም ሳይነጋገርበት የእትዬ ሙያ ሆነ። ምራታቸውም አልከፋትም። "እማማ፣ እርስዎ ባይኖሩ እኮ በዳቦና በሻይ አልቀን ነበር" ትላቸዋለች።

ነገሩ የተበላሸው ምራታቸውን ቃር ሲይዛት ነው። ከበላች በኋላ ከደረቷ ላይ እሳት የመሰለ ነገር እየተነሳ ጉሮሮዋ ድረስ ይመጣባት ጀመር። ጎንበስ ስትል አፏን ይመርራታል። ቀጥሎ ድምጿ ሻከረ። ማይክሮፎን ፊት ሆና በየመሐሉ ጉሮሮዋን ስትጠርግ መናኸሪያው በሙሉ ይሰማታል። ሐኪም ዘንድ ሄዳ ስትመለስ የተነገራትን ለአማቷ ቁጭ ብላ አስረዳች። የጨጓራዋ አሲድ ወደ ላይ እየተመለሰ ጉሮሮዋን እየጎዳው ነው። የሚዋጥ መድኃኒት ተሰጥቷታል፤ ዋናው ግን አበላሏ ነው። ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ የተጠበሰ ሽንኩርት፣ ቅባት የበዛበት ነገርና ቡና ይቅርባት። ጥቂት ጥቂት ትብላ። በልታ ወዲያው አትተኛ። የአልጋዋን ራስጌ ከፍ ታድርግ። ጠዋት አጃና ሙዝ፣ ሌላ ጊዜ የተቀቀለ ድንች፣ ካሮት፣ ሩዝ ይስማማታል።

"ይሄ እኮ የሕፃን ምግብ ነው" አሉ እትዬ ሙያ።

"ለጊዜው ነው እማማ። ድምፄ እስኪመለስ።"

ልጃቸው በዚያው ቀን በአልጋው የራስጌ እግሮች ሥር እንጨት አስገብቶ አልጋውን አዘመመው። እትዬ ሙያም ድንችና ካሮት ቀቅለው፣ ጨው ነካ አድርገውበት ሾርባ አቀረቡ። ምራታቸው በላች። አበላሏ ግን መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ነበር፤ በየጉርሻው ውሃ ትጎነጫለች። ባሏም ብቻዋን እንዳይከፋት ብሎ ከዚያው ቀመሰና "ምንም ምንም አይልም" አለ። ያ ቃል እትዬ ሙያን ቆጠቆጣቸው። በዕድሜያቸው ሙሉ ከእጃቸው የበላ ሰው እንዲህ ብሏቸው አያውቅም።

በማግስቱ ፎቅ ላይ ላለችው ጎረቤታቸው፣ "ምራቴ እጄን ተጠየፈችው" ብለው አወሩ። "ምግብ ካልጣፈጠ እኮ ሰውነት ላይ አይያዝም። ሐኪም ምን ያውቃል?" ጎረቤቲቱ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሰው ሲነቀንቅልን ደግሞ ልባችን ይደፍራል።

ሲጀምሩት ትንሽ ነገር ነበር። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በዘይት ጠበሱ፤ ቃሪያ ሰንጥቀው ጨመሩ፤ የቲማቲም ድልህ አቁላሉበት። ውሃ ከልሰው አንተከተኩትና በወንፊት አጠለሉት። ድንቹንም ካሮቱንም በዚያ ውሃ ቀቀሉት። መረቁ ቀላ ቢል ካሮቱ ይሸፍነዋል፤ ቃሪያውም በልክ ስለሆነ ምላስ አይነክስም።

ምራታቸው አንድ ማንኪያ ጎርሳ ቀና አለች። "እማማ! ዛሬስ ጣፈጠኝ። ምን ቢያደርጉበት ነው?"

"ምን አደርግበታለሁ? ድንች ነው።"

"ምንም ሳይገባበት እንዲህ ከጣፈጠማ!" ወደ ባሏ ዞረች። "አየህ፣ ሙያ በልብ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።"

መናገር የነበረባቸው ያኔ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ጓዳ ገብተው ለብቻቸው ፈገግ አሉ። በማግስቱም እንዲሁ አደረጉ፤ በሦስተኛውም ቀን። ሳህኑ ተጠርጎ ሲመለስ ማየት ለምዷቸው ነበርና ደስታው አሸነፋቸው።

ልጅቱ ግን ባሰባት። የሥራ ጓደኞቿ ኬክ ሲቆርሱ እሷ ሙዝ ልጣ ትበላለች። ቡናውን በመተዋ ራሷን ሲፈልጣት ሰነበተ። እራቷን ገና በፀሐይ ትበላለች፣ ሳይርባትም ቢሆን፣ ከመተኛቷ በፊት እንዲወርድላት ብላ። እንዲህ ተጠንቅቃም ድምጿ ከቀን ወደ ቀን ይዘጋል። እትዬ ሙያ ሎሚ በሞቀ ውሃ በባዶ ሆዷ እንድትጠጣ መከሯት፤ እሷም አማቷን አምና ጠጣችና ደረቷን ይዛ ተኮራመተች። "ሐሳብ ስለምታበዢ ነው" አሏት። "ምናልባት መድኃኒቱ አልተስማማሽም" አሏት። ከድስቱ በስተቀር የማያሳብቡበት ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን አለቃዋ ከማይክሮፎኑ አንስቶ የጠፉ ዕቃዎች የሚቀመጡበት ክፍል መደባት። ከሥራ ገብታ ለማንም ሳትናገር ፊቷን ታጠበች። ኋላ እትዬ ሙያ ልብስ ሊያጥፉ ሲያልፉ ከመታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ለባሏ እያለቀሰች ስትነግረው ሰሙ። "ያልተውኩት ነገር የለም። ከዚህ በላይ ምን ልተው? ሰውነቴ ነው የተበላሸው እንጂ።"

የዚያን ዕለት እትዬ ሙያ ለራሳቸው ማሉ። በማግስቱ ሾርባውን በንጹሕ ውሃና በጨው ብቻ ሠሩት። ምራታቸው ጥቂት በልታ ማንኪያዋን አስቀመጠችና በአሳቢነት፣ "ዛሬ ደክሞዎታል እንዴ እማማ?" አለቻቸው። ለነገሩ ያ ጥያቄ ክፋት አልነበረበትም። እትዬ ሙያ ግን በቀጣዩ ቀን ሽንኩርታቸውን ከተፉ።

ጉዱ የፈላው በምራታቸው የእረፍት ቀን ነው። ምሳ በልታ ሳህኗን ልታነሳ ስትል ደረቷን ይዛ ወንበሩ ላይ ተመለሰች። ከንፈሯ ነጭ ሆነ። ልጃቸው ሊፍት የተቆለፈባቸውን ሰዎች ለማውጣት ተጠርቶ ሄዶ ነበርና እትዬ ሙያ ራሳቸው ደግፈዋት በታክሲ ሐኪም ቤት ወሰዷት።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ልቧን በመሣሪያ መረመረና "ልብሽ ደህና ነው" አለ። "ያው አሲዱ ነው። ግን እንዲህ ሊብስብሽ አይገባም ነበር። የምትበይው ምንድን ነው?"

"ድንች፣ ካሮት፣ ሩዝ። ጠዋት አጃ።"

"በምን ተሠርቶ?"

"በውሃና በጨው። እማማ ናቸው የሚሠሩልኝ።" ወደ አማቷ ጠቆመች። "ከእናንተ በላይ ነው የሚጠነቀቁልኝ።"

እትዬ ሙያ የምራታቸውን ቦርሳ አቅፈው ግድግዳው ሥር ቆመዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

"ምግቡ እንዲህ ከሆነ፣ መድኃኒቱም እየተወሰደ ካልተሻለሽ፣ ውስጡን ማየት ሊኖርብን ነው" አለ ሐኪሙ። "ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ በኩል ይገባል። የሚያስፈራ ነገር አይደለም።"

ምራታቸው ግን እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "ዶክተር፣ ክፉ በሽታ ነው እንዴ?" አለች በዚያች በተዘጋች ድምጿ።

"ቃሪያ አለበት" አሉ እትዬ ሙያ።

ሁለቱም ዞር አሉ። "ምኑ?" አለ ሐኪሙ።

"ምግቡ። ቃሪያ አለበት። ሽንኩርትም በዘይት የተጠበሰ፣ ቲማቲምም። አጥልዬው ስለሆነ ነው የማይታየው።"

ሐኪሙ አልተቆጣም። ቢቆጣ በተሻላቸው። ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ እየጻፈ ይጠይቃቸው ጀመር። ዘይቱ ምን ያህል ነው? ቃሪያው ከነፍሬው ነው? እትዬ ሙያ ድሮ ሠራተኞቹ ሲጠይቋቸው "ሙያ አይነገርም" እያሉ የሚደብቁትን አሠራር እንደ ተማሪ ቆመው ዘረዘሩት። በመጨረሻ "በየስንት ጊዜው ነው?" ሲላቸው "ሁልጊዜ" አሉ። "አንድ ቀን ብቻ ነው የተውኩት።"

ምራታቸው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያ አንድ ቀን የትኛው እንደነበር ሳታስታውስ አልቀረችም።

ሐኪሙ ቱቦው ይቆይ አለ። መጀመሪያ ጥቂት ሳምንታት ምግቡ በትክክል እንደታዘዘው ይሞከር። ሎሚውም ይቅር፤ አሲድ ላይ አሲድ መጨመር ነው። ካልተሻላት ተመልሳ ትምጣ።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በመሐላቸው ቦርሳው አለ።

"እማማ" አለች ምራታቸው፣ ፊት ለፊቷን እያየች። "ጣፈጠኝ ስልዎት ምን ይሰማዎት ነበር?"

እትዬ ሙያ የሚሉት ብዙ ነበራቸው። ለአንቺው ብዬ ነው፤ እንዳትከሺ ብዬ ነው። ሁሉም አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። "ደስ ይለኝ ነበር" አሉ።

"እኔ እኮ ሰውነቴን እየረገምኩ ነበር።"

ልጃቸው ተደውሎለት የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ እጁን ግራሶ እንደነካው እየሮጠ መጣ። "ምን ሆንሽ?" ሲላት "ያው ቃሩ ነው። ትንሽ ባሰብኝ" አለችው። ሆድ ይፍጀው ማለቷ ነበር። እትዬ ሙያ ይህን ደግነት መሸከም አቃታቸው።

"እኔ ነኝ ያሳመምኳት" አሉ። የሆነውን ሁሉ እዚያው፣ ሰው እያለፈ እያገደመ ነገሩት። ልጃቸው ሰምቶ ሲያበቃ "እማዬ" ብቻ አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ በዚያ ዓይነት ድምፅ ጠርቷቸው አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ ምራታቸው ለራሷ ትንሽ ድስት ገዛች። አልተጣላቻቸውም፤ "እንዴት አደሩ እማማ" ማለቷ አልቀረም። የምትበላውን ግን ራሷ ቀቅላ፣ ድስቷን ራሷ አጥባ ታስቀምጣለች። እትዬ ሙያ ጎረቤታቸው ዘንድ ወጥተው "ምራቴ አልተጠየፈችኝም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" ብለው ነገሯት። ጎረቤቲቱ ሳቀችና "ለፍቅር ብለው ነው እኮ!" አለቻቸው። ሳቁ ይብስ አሸማቀቃቸው።

ልጅቱ ቀስ በቀስ ተሻላት። ቃሩ ራቅ ራቅ እያለ መጣ፤ ድምጿም ጠርቶ ወደ ማይክሮፎኗ ተመለሰች። ቤቱ ውስጥ ሁሉም "ተመስገን" ይላል። እትዬ ሙያም ይላሉ፤ ግን ደስታው ሙሉ አይሆንላቸውም። እሷ በተሻላት ቁጥር፣ የተሻላት ከእሳቸው እጅ መብላት ስላቆመች መሆኑን ያውቃሉ። ልጃቸው እንኳ ለራሱ የሚያበስሉለትን ምግብ ሲያመሰግን አሁን ቃሉን መርጦ ነው።

ዝናብ ሲጥል በዋለበት ቀን ምራታቸው የሌላ ሰው ተራ ጭምር ሠርታ፣ ጫማዋ ውሃ ቋጥሮ ገባች። ሶፋው ላይ ዘፍ ብላ፣ "እማማ፣ ድንች ይቀቅሉልኛል?" አለች።

እትዬ ሙያ የሰሙትን አላመኑም። "ነይ እዚህ ቁጭ በይ፣ እያየሽ ልቀቅለው።"

"እግሬ አልቋል እማማ። እርስዎ ይሥሩት።"

ጓዳ ገቡ። ድንቹን ልጠው በንጹሕ ውሃ ጣዱ። ጨው ብቻ ነሰነሱበት። ሲበስል በሁለት ሳህን አወጡት፣ ለእሷም ለራሳቸውም ከዚያው ድስት፤ ከፊት ለፊቷም ተቀመጡ።

ምራታቸው ማንኪያውን አነሳች። ከአፏ ከመድረሱ በፊት ግን ለቅጽበት ያህል ቆም አድርጋ አሸተተችው። ለራሷም ሳይታወቃት አልቀረም። ከዚያ ጎረሰች።

እትዬ ሙያ አይተዋታል። ዐይናቸውን ወደ ሳህናቸው መለሱ።

"ጨው አነሰው?" አሉ።

"የለም፣ ደህና ነው" አለች ምራታቸው።

ድንቹን በልተው ጨረሱ። እትዬ ሙያ ሳህኖቹን ለማንሳት እስኪነሡ ድረስ ቀና አላሉም።