ከመቶ አሥራ ሁለት

"አሥራ ሁለቱ የት ጋ ነው ያለው?" አለች ሁስና፣ እጇን በሻርፗ ሥር ደረቷ ላይ አድርጋ።

ገመቺስ ወረቀቱን ወደ እሱ ሳበው። የመቱ ልጅ ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጡት የካንሰር ተመራማሪዎች የሚሉትን ለሰው የሚያስረዳው እሱ ነው።

"እርስዎ ውስጥ አይደለም ያለው፣ እትዬ ሁስና። ዛሬ ጤነኛ ነዎት፤ የጡት ራጁም ንጹሕ ነው። ኮምፒዩተሩ የሚለው፣ እንደ እርስዎ ያሉ መቶ ሴቶች ቢኖሩ፣ በሚመጡት አሥር ዓመታት አሥራ ሁለቱን በሽታው ይይዛቸዋል ነው።"

"እኔ ከየትኞቹ ነኝ?"

"እሱን አያውቅም።"

"ታዲያ ምኑን አወቀ?"

ገመቺስ ፈገግ ሊል ብሎ ተወው። ባለፈው ሳምንት የእህቷን የሉባባን የራጅ ፊልም በላስቲክ ጠቅልላ ያመጣችለት እሷ ናት። ሉባባ ከሞተች ዓመት ከአራት ወሯ ነው። ኮምፒዩተሩ ከሞቱትም ይማራል ስላሏት ነበር ያመጣችው። ከሉባባ ምን እንደተማረ ስትጠይቅ ግን የነገራት የለም።

"ይችን ደግሞ ይሙሉልን" አለ ሌላ ቅጽ እየሰጣት። "የሟች ሴት ልጅ ካለች ስሟንና ስልኳን። እሷም መታየት አለባት። እኛ ነገ ከሰዓት ወደ በደሌ ነን። ሂን ሶዳቲና፣ አይፍሩ።"

ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ወደ ታላቅ ወንድሟ ወደ ሻፊ የቡና መጋዘን ሄደች። ከያዮ የገባ ቡና ነበረው። ከአንዱ ጆንያ ትንሽ አውጥቶ ሳህን ላይ አፍስሶ፣ የጠቆረውንና ነቀዝ የበሳውን በጣቱ ወደ ዳር ይገፋል።

"ምን አሉሽ?"

"ከመቶ አሥራ ሁለት።"

የሻፊ ጣት ቆመ። "ብዙ ነው" አለ። ትንሽ አሰበና ደግሞ፣ "ግን የሚለቀም ነው። እኔ ከመቶ ሃያ ብልሽት ያለበትን አስለቅሜ ሸጬ አውቃለሁ። አሥራ ሁለቱን ያውጡልሽ። ጡቱን ቢቆርጡትም ዛሬ ከሆድ ሥጋ ወስደው መልሰው ይሠሩታል ይባላል።"

"የሚወጣ ነገር የለም አሉኝ እኮ፣ ጋሼ። ጤነኛ ነሽ ነው የሚሉት።"

"ጤነኛ ከሆንሽ ወረቀቱን ለምን ሰጡሽ?"

መሬት ላይ ተደርድረው ቡና ከሚለቅሙት ሴቶች ዶሪ የምትባለዋ ቀና አለች። "ጋሼ ሻፊ፣ እኛንስ ቢቆጥሩን ከመቶ ስንት ብልሽት ያወጡብን ይሆን?"

"አንቺን ሳልቆጥር አውቅሻለሁ" አላት።

ሴቶቹ ሳቁ። ሁስናም አብራ ሳቀችና ሳታስበው ቆጠረቻቸው። አሥራ ዘጠኝ ናቸው። መቶ ሆነው ቢቀመጡ፣ መቶውም እሷ ቢሆኑ፣ ፊታቸው አንድ፣ ሻርፓቸው አንድ፣ አሥራ ሁለቱን ማን ይለያል? በመካከላቸው ራሷን ፈለገች፤ አጣቻት።

"ስለ ሚስኪም ጠይቀውኛል" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሚስኪ የሉባባ ልጅ ናት፤ ቡሬ ታስተምራለች። እሁድ ከጎሬ ሽማግሌ ይላክባታል።

ሻፊ ሳህኑን አስቀመጠ። "እሷን አትንኪያት። እንዳትነግሪያት።"

"ነገ ይሄዳሉ እኮ።"

"ይሂዱ። በሽታ ያለበት ዘር ነው ሲባልልሽ ነው ደስ የሚልሽ? ከኒካው በኋላ ይደረስበታል።"

ከኒካው በኋላ። ሉባባም እብጠቱን ባገኘች ጊዜ ለራሷ ያለችው ይህንኑ ነበር፤ ያኔ ኒካው የሁስና ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ እንግዳ ስታስተናግድ ክንዷን ከጎኗ አታላቅቅም። ሁስና አይታ ጠየቀቻት። "ደክሞኝ ነው" አለቻት። አመነቻት።

"እሺ" አለች ለሻፊ። ለምን እሺ እንዳለች ግን መንገዱን ግማሽ እስክትሄድ ድረስ አልገባትም፤ ያኔ ሉባባን እንዳመነቻት ሁሉ፣ ማመን ስለቀለላት ነበር። አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ስልኳን አወጣች።

"እቴቴ፣ የእሁዱን ቀሚስ ካልመረጥሽልኝ ከጓዳ አልወጣም" አለች ሚስኪ ገና ስታነሳው። ከኋላዋ የተማሪ ጫጫታ ይሰማል።

"ሚስኪ፣ አንድ ወረቀት ሰጥተውኛል። የእናትሽን በሽታ ይመለከታል። ከመቶ አሥራ ሁለት ይላል።"

ጫጫታው ራቀ፤ ወደ ውጭ ወጥታ መሆን አለበት። "ታመሻል?"

"አልታመምሽም ይላሉ። ጋሼ ይቆረጥ ይላል። እኔ እንጃ።"

"እኔስ?"

"ያንቺንም ስም ይፈልጋሉ። ሽማግሌዎቹ ይቅሩ አላልኩሽም። ነገ የመጀመሪያውን መኪና ያዢና ነይ፤ አብረን እንስማቸው። ተምረሻል፣ አንቺ ይገባሽ ይሆናል።"

"አጎቴ ያውቃል?"

"አትንገሪያት ብሎኛል።"

"ቀሚሱንም ይዤው እመጣለሁ" አለች ሚስኪ።

ሁስና ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ስም ከሚለው መስመር ላይ እስክሪብቶዋን አሳረፈች፣ አነሳች። ባዶውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሚስኪ ትምጣና ራሷ ትጻፈው፤ ወይም ትተወው።