ነፋስ የጣለው ዝግባ

ሮባ የመጋዙን ድምፅ ሲሰማ የማን እንደሆነ ወዲያው ዐወቀ። ከላይ የሚስበው የድሮ የሥራ ባልደረባው ጣሂሮ ነው። ከታች ያለው ግን ሥራውን አያውቅም፤ መጋዙ በየመሐሉ ይነክሳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ከግንዱ ሥር በሚቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የዚያን መጋዝ እጀታ ሲስብ የኖረው ራሱ ሮባ ነበር።

ዛሬ ደን ጠባቂ ነው። የሐረና መንደር ሰዎች ደኑን በማኅበር ሲረከቡ፣ ባለቀፎዎቹና ቡና ለቃሚዎቹ በርከት ስለሚሉ «መጋዝ ደን አይገባም» የሚል ደንብ አወጡ። ጠባቂ ሲመርጡም፣ የጣውላ ሠሪን ዱካ ጣውላ ሠሪ ያውቀዋል ብለው ሮባን ሾሙት። ቀፎም የቡና ይዞታም ያልነበረው ጣሂሮ እጁን አጣጥፎ ቀረ።

ሮባ ድምፁን ተከትሎ ሲደርስ፣ ከጉድጓዱ ውስጥ ሰጋቱራ ለብሳ ቀና ያለችው የጣሂሮ ሚስት ሸምሲያ ነበረች።

«በል ያዘን እንግዲህ» አለ ጣሂሮ ከላይ ሆኖ።

«የቆመ ዛፍ ነው የቆረጥከው?»

«ዐይን የለህም እንዴ? ነፋስ የጣለው ነው። ምስጥ ይብላው ልበል?»

ሮባ ግንዱን ዞሮ አየው። ከዚያ መጋዙን ተሸክሞ፣ ባልና ሚስቱን አስከትሎ ወደ ማኅበሩ ሸንጎ ሄደ፤ ዛፉን ነፋስ የጣለው መሆኑን ጭምር ነገሩን አንድ ሳያስቀር ተናገረ። ሰብሳቢው ኦቦ ቃሲም አርባ ቀፎ ያላቸው ሰው ናቸው። ዛሬ ነፋስ ጣለው የሚል ነገ ራሱ ጥሎ በነፋስ ያሳብባል ብለው አልቀበል አሉ። ብዙ ሰው በመስማማት ራሱን ነቀነቀ።

ሮባ ወደ ፊት ወጣ።

«እውነትዎን ነው፣ ኦቦ። ያንን ዘዴ ያመጣነው እኔና ጣሂሮ ነን። ሥሩን በመጥረቢያ እየቆረጥን ነፋስ እንጠብቅ ነበር። ስለዚህ ሰው የጣለውን ነፋስ ከጣለው ለመለየት ከእኔ የተሻለ የለም።»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ጣሂሮ አንገቱን ደፋ።

ሽማግሌዎቹ በነጋታው ወርደው አዩት። ዝግባው ሥሩን ከነአፈሩ ነቅሎ ነበር የወደቀው፤ የመጥረቢያ ምልክት አልነበረበትም። ኦቦ ቃሲም ጺማቸውን ሲያሻሹ ቆይተው፣ ማኅበሩ የቡና ማስጫ አልጋ የሚሠራበት ጣውላ እንዳጣ አነሡ። በመጨረሻም ሥሩ እየታየ፣ ነፋስ የጣለው ብቻ እንዲሰነጠቅ ተስማሙ፤ ግማሹ ለማኅበሩ፣ ግማሹ ለጣሂሮ።

«ከታች ማን ይስብለታል?» ሲሉ ኦቦ ቃሲም ጠየቁ።

«እኔን እንዳታዩኝ» አለች ሸምሲያ።

ሮባ ኮቱን አውልቆ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ጥበቃው ከሰዓት በኋላም ይደርሳል። መጀመሪያ ትንፋሽ አጠረው፤ ጣሂሮም ደመወዝ አውፍሮሃል እያለ ከላይ አላገጠበት። ከዚያ ክንዳቸው ተስማማ። መጋዙ ሳያቋርጥ ይሄድ ጀመር፤ ቀና ብሎ ሲያይ የጣሂሮ ፊት ፈክቷል። እኩለ ቀን ላይ የመጀመሪያው ጣውላ ወለል ብሎ ተለየ። ሊያዩ የመጡት ኦቦ ቃሲም በመዳፋቸው ዳሰሱትና ጣውላውን ለመሸከም በአንድ በኩል ትከሻቸውን ሰጡ።