ለአሸናፊ አልባው ጨዋታ የተሰናዳ ዋንጫ

አንባቢ ሆይ፥ ለሰው ልጅ ከተቸሩት ጸጋዎች ሁሉ ቀዳሚውና ረቂቁ ጨዋታ ነው፤ ሕፃን ገና አፉን ሳይፈታ ከጭቃ ቤት፥ ከእንጨት ፈረስ ያበጃል፥ ያሻውን ሠርቶ ያሻውን ያፈርሳል፥ «ስንት ነጥብ አገኘህ?» ብሎ የሚመረምረውም የለም። በዚህ ነፃ ርስት ላይ አጥር የሚያጥር ዐዋቂ ሲነሣ ማየት ግን አንጀት ያሳርራል።

ወይዘሪት ፈትለወርቅ የኮምፒውተር ጨዋታ የምትቀምር፥ በእጇ ብልኅ፥ በአሳቧ ምጡቅ ሴት ነበረች። በብዙ ድካምና ትጋት ባበጀችው ጨዋታ ውስጥ የነበረው ባዶ ምድር፥ ወንዝ፥ ጭቃና ድንጋይ ብቻ ነው፤ ሕፃናት የልባቸውን መንደር ይሠሩበታል እንጂ ድልም ሽንፈትም አያውቅም። የድርጅቱ ባለቤት አቶ ዘርጋው ግን ጨዋታውን አንድ ቀን እንኳ ሳይሞክር፥ እንደ ምረቃ ወጉ የክብር እንግዳ ጠርቶ፥ «ለአሸናፊው» የሚል የተቀረጸበት ዋንጫ አሠርቶ ኖሯል። ስሕተቱ ሲነገረው ያፈረ መሰላችሁ? ዋንጫው ከሚቀር ጨዋታው ይለወጥ አለ እንጂ።

«ሰዓትና ነጥብ ከገባበት፥ ልጆቹ መሥራቱን ትተው መናጠቅ ይጀምራሉ» አለችው፥ ቁጣዋን በትሕትና ሸፍና።

«ታዲያ የክብር እንግዳው ዋንጫውን ለማን ይስጡ፥ ወይዘሪት? ለወንዙ?» አለና ሥራውን ለሌሎች ሰጠ። እነርሱም በደከመችበት ጨዋታ ላይ፥ በዓይኗ ፊት፥ ሰዓትና ነጥብ አከሉበት።

በምረቃው ዕለት ጨዋታውን ሊጫወቱ የተጠሩት ሕፃናት ሰዓቱ ሳያልቅ ከፍ ያለ ቤት ለመሥራት ተሽቀዳደሙ፤ ወዲያውም አንዱ የሌላውን ድንጋይ ይነጥቅ ጀመር። አዜብ የተባለች ሕፃን የጎረቤቷን የሊያን ቤት አፍርሳ የራሷን አስረዘመችና አሸነፈች። ሊያ ስታለቅስ አዳራሹ አጨበጨበ፥ አዜብም ዋንጫዋን ታቅፋ አንገቷን ደፋች።

የአቶ ዘርጋው ንግግር ሲረዝም ሁለቱ ሕፃናት ሹልክ ብለው ወደ ግቢው ወጡ፤ ፈትለወርቅም ተከተለቻቸው። አዜብ ዝናብ ያራሰውን አፈር በዋንጫው ጠቅጥቃ ገለበጠችው፤ ክብ ጎጆ ወጣ። «አሁን ያንቺን ሥሪ» ብላ ዋንጫውን ለሊያ ሰጠቻት። የቀሩትም ልጆች አንድ በአንድ እየወጡ ከበቧቸው፥ መንደሩም ሰፋ።

አቶ ዘርጋው ከክብር እንግዳው ጋር ወጥቶ፥ ዋንጫው ለፎቶግራፍ እንደሚፈለግ በቁጣ ተናገረ።

«መንደሩ ገና አላለቀም፥ ጋሼ» አለች አዜብ ቀና ሳትል።

ወደ ዋንጫው እጁን ሲሰድ ፈትለወርቅ በመካከል ቆመች። «አንድ ጊዜ አፍርሰውባቸዋል፤ ይበቃዎታል» አለችው። የክብር እንግዳው ዝቅ ብለው ጎጆዎቹን ተመለከቱ፥ ቀጥለውም አቶ ዘርጋውን ተመለከቱት፤ እርሱም አፍሮ በማግሥቱ ሰዓቱንና ነጥቡን ከጨዋታው አስነቀለ። ጨዋታን ለፍርድ ያቆመ ሰው በሕፃናት ችሎት ፊት ተከሳሹ ራሱ ነው።