ለማንም የማይሰጥ መዝገብ

አቶ ሀብተወልድ ቡታጅራ ውስጥ የማያውቁት ሰው አልነበረም፤ ሰውየውን ባያውቁት እንኳ አያቱን ያውቁለታል። ከመንዝ መጥተው መዝገብ ቤት ከተቀመጡ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ነው። "ሀብተወልድን ጠይቅ" ማለት የከተማው ልማድ ሆኖ ነበር። እሳቸውም፣ እግዜር ይቅር ይበላቸውና፣ መጠየቅ ደስ ይላቸው ነበር። ፈረንጆቹ የሕፃናት ማሳደጊያቸውን ዘግተው ሲሄዱ የልጆቹ መዝገብ በሁለት ሣጥን ታሽጎ እሳቸው ዘንድ ተቀመጠ። ማኅተሙ ሳምንት አልቆየም።

ጉዱ የመጣው በሥልሳ አንድ ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ጨርቅ ነጋዴው አቶ ተረፈ የወንድማቸውን ወንድ ልጅ ሊድሩ አስበው፣ ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት ወደ አቶ ሀብተወልድ መጡ።

"ያሰብንለት ልጅ ማሳደጊያ ያደገች ናት፤ ዘር የሚቆጥርላት ዘመድ የላትም። አንተ ካልቆጠርክልን ማን ይቆጥርልናል?"

በአገሩ ዘር ሳይጠየቅ ጋብቻ የለም፤ መጠየቁም ነውር አይደለም። ዘመድ ይጠየቃል፣ ጎረቤት ይጠየቃል። ወረቀት መጠየቅ ግን የዚያን ቀን ተጀመረ። አቶ ሀብተወልድ እንደ ደህና ሽማግሌ መነጽራቸውን ሰክተው ሣጥኑን ከፈቱ፣ ከመዝገቧ የመጀመሪያውን ገጽ አነበቡና "እናቷ ቁምጥና ነበረባት" አሉ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሽማግሌው ሳይላክ ቀረ። ለምን እንደ ቀረ ከልጅቷ በቀር ከተማው ሁሉ ሰማ።

ሁለት ዓመት አለፈ። በኅዳር ወር አንድ ቀን ረፋድ ላይ ነጠላዋን ያጣፋች ወጣት መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆማ እጅ ነሣች።

"ሰገነት ባዩ እባላለሁ። ወልቂጤ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነኝ። በአዲስ አበባ ዞሬ፣ ሁለት ቀን ተጉዤ ነው የመጣሁት። የልጅነት መዝገቤን ለማየት ነው፣ ጋሼ።"

አቶ ሀብተወልድ ስሙን ሲሰሙ ለአቶ ተረፈ መዝገቧን ያነበቡባት ልጅ መሆኗን አወቁ። አፋቸው ግን የመዝገብ ቤቱን ደንብ አልረሳም።

"የማሳደጊያ መዝገብ ምስጢር ነው፣ ልጄ። ለማንም አይሰጥም።"

"ስለ እኔ የተጻፈ ነው እኮ።"

"ለማንም ማለት ለማንም ነው።"

ይህን ያሉት እሳቸው ናቸው! ጆሯቸው የገዛ አፋቸውን ሰምቶ አፈረ።

ሰገነት ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ምስጢር ቢሆን ኖሮ ወልቂጤ ድረስ ባልተከተለኝ። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት የጠጣሁበትን ጣሳ ለብቻው ታስቀምጣለች። 'ምን ሆንኩብሽ?' ስላት 'ኧረ ምንም' ትለኛለች። የተጻፈውን የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ቀን ሙሉ የሰው ቁስል አጥባለሁ፤ የማንንም ገመና ለማንም አውጥቼ አላውቅም።"

አቶ ሀብተወልድ የቀለም ጠርሙሱን ያገላብጡ ጀመር።

"ማን እንዳወጣብኝ ግን ደርሼበታለሁ" አለች።

እጃቸው ባለበት ቀረ።

"የማሳደጊያው ዘበኛ ነው፣ ባዩ። ስመዘገብ አባት ስላልነበረኝ ስሙን የሰጠኝ እሱ ነው። የልጅነቴን ከእሱ ሌላ ማን ያውቃል? ሰላምታ ነሣሁት። አምና ሲሞትም ሰው ላኩብኝ፤ ለቅሶ አልደረስኩም።"

ባዩን አቶ ሀብተወልድ ቀብረውታል። እዚያው ቀብሩ ላይ ቆመው "ስሙን የሰጣት ልጅ እንኳ አልመጣችም፤ ምን ያለች ጨካኝ ናት" ብለው ከሰው ጋር አምተዋታል። ይህ ትዝ ሲላቸው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ። ደንቡንም ምስጢሩንም ትተው ተነሡና መዝገቡን አምጥተው ፊቷ አስቀመጡላት።

የመጀመሪያውን ገጽ ስታነብ ፊቷ ብዙም አልተለወጠም። "የሥጋ ደዌ" አለች ቀስ ብላ። "ይኸው ነው? ይሄ እኮ በዘር አይወረስም። መድኃኒትም አለው።" ከዚያ ገለጠች። አቶ ሀብተወልድ ከመጀመሪያው በኋላ ሌላ ገጽ መኖሩን እንኳ አላዩም ነበር።

ሰገነት ድምፅ እያሰማች ታነብ ጀመር፤ ለራሷ ነው እንጂ ለእሳቸው አይደለም። "'እናትየዋ፣ ስሟ አደይ፣ ለመስቀል ከጉንችሬ በእግሯ መጣች። እንድትገባ አልተፈቀደም። ያመጣችው ቆጮና ቅቤ ተቃጠለ።' በዓመቱም መጥታለች። 'ዘበኛው ባዩ ልጅቷን በአጥር ቀዳዳ ለእናቷ ሲያሳይ ተገኝቶ ተገሠጸ።' በሦስተኛውም፣ 'ዘበኛው ዳግመኛ ተገሠጸ'..."

ስምንት መስቀል ተጽፏል። በዘጠነኛው "አልመጣችም" ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ሰገነት ጣቷን ከዚያ ቃል ላይ ሳታነሣ አለቀሰች።

"ታዲያ ይሄ ሰው ነው ገመናዬን የሚያወጣ?"

አቶ ሀብተወልድ ዝም ማለት ይችሉ ነበር። ባዩ ሞቷል፤ ሙት ተነሥቶ አይሟገት። ግን አላስቻላቸውም።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ለተረፈ የነገርኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አንብቤ።"

ሰገነት ትኩር ብላ አየቻቸው። ብትሰድባቸው ይሻላቸው ነበር።

"እክሳለሁ፣ ልጄ" አሉ እየተንተባተቡ። "ዛሬውኑ ተረፈ ሱቅ እሄዳለሁ። እናትሽ በየመስቀሉ ይመጡ እንደነበር፣ ባዩም በአጥር ያሳያቸው እንደነበር፣ ሁሉንም እነግረዋለሁ። ሰው ሁሉ ይስማ!"

"እንዳይነግሩ!" አለች ሰገነት። "ያኛውን ገጽ ወስደውብኛል። ይሄኛው የእኔ ነው።"

መዝገቡን በነጠላዋ ሸፍና ብብቷ ሥር አጥብቃ ያዘችው። ባዩ የት እንደ ተቀበረ ጠየቀቻቸው፤ ነገሯት። ሊሸኟት ሲነሡ "ይቀመጡ" አለቻቸውና ብቻዋን ወጣች።

ከቀትር በኋላ አቶ ተረፈ በበሩ ብቅ አሉ።

"ያቺ የማሳደጊያዋ ልጅ ከአንተ ዘንድ ስትወጣ አየኋት። ዓይኗ ቀልቷል። ምን ልትፈልግ መጣች?"

"አላውቅም" አሉ አቶ ሀብተወልድ።

"አንተ? አንተ ደግሞ የማታውቀው ነገር አለ!"

አቶ ተረፈ ሳቁ። ወንበር ስበው ተቀመጡና እንደ ወትሮው እስኪነገራቸው ይጠብቁ ጀመር።