አርባ አንደኛው ቪዲዮ

ወንድሜ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ሲያርም የኖረ የሒሳብ መምህር ነው። እሱ ዘንድ በቀይ የተጻፈ ነገር እርማት ነው፤ እርማት ደግሞ ይከበራል። እንግዲህ ላፕቶፑ ላይ «ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ነው! አሁኑኑ ያጽዱ!» የሚል ቀይ ጽሑፍ ሲመጣበት ምን እንዳደረገ መገመት አያቅትም። አጸዳ። ያውም በአንድ ሳይሆን በሦስት ማጽጃ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ ደወለችልኝ። «እባክሽ ድረሺልን፣ ሰውዬው ሊያብድ ነው» አለች። ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው። ሱቄን ዘጋሁ፣ ሁለት ባዶ ዲስክና አንድ ፍላሽ ቦርሳዬ ውስጥ ወረወርኩ፣ መንገዱን ሙሉ ለብቻዬ እያጉረመረምኩ ሄድኩ። ስንት ጊዜ ነው «የማታውቀውን ነገር አትጫን» ያልኩት!

ማጉረምረሜ ግን ደጅ ቀረ። ወንድሜ አንገቱ ላይ ስስ ሻርፕ ጠምጥሞ የምግብ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ሐኪሞቹ ከሁለት ወር በፊት ጉሮሮው ላይ የበቀለውን ክፉ ነገር አውጥተው ነፍሱን አተረፉልን፤ ድምፁን ግን ማትረፍ አልቻሉም። አሁን የሚያወራው ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ነው። ሰሌዳዋን አነሳና «ችኩሌ፣ መጣሽ?» ብሎ ጻፈልኝ። ይህን ስም ያወጣልኝ ስድስተኛ ክፍል ሲያስተምረኝ ነው። መልሱን ከሁሉ ቀድሜ ስሰጠው «ችኩሌ፣ እንደገና እዪው» ይለኝ ነበር እንጂ አንድም ቀን ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም። ለሌላው ልጅ ሁሉ ይላል። አርባ ዓመት አልፎኝም ይህን አልረሳሁለትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀዶ ጥገናው እንደማይቀር ሲነገረው፣ ድምፁ ሳይሄድ የዓመቱን ትምህርት በሙሉ ሰሌዳ ፊት ቆሞ በስልኩ ቀረጸ። ስልኩ ሲሞላበት ቪዲዮውን ወደ ላፕቶፑ ያዛውርና ከስልኩ ያጠፋዋል። አርባ አንድ ቪዲዮ፣ ሁሉም አንድ ፎልደር ውስጥ፣ ሌላ ቅጂ የለም። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ «ሰኞ አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምርና እንይህ፤ ካልሆነ መጻሕፍት ቤት እናዛውርሃለን» ብለውታል። ወንድሜ ከክፍል ከወጣ ምን እንደሚቀረው እኔ አላውቅም። ፎልደሩ ግን አልከፈት ብሏል፤ ሲጫኑት መስኮቱ ብልጭ ይልና ድርግም ብሎ ይጠፋል።

«ስንቴ ሞከርከው ጋሼ?»

«63» ብሎ ጻፈ። አይገምትም እሱ፣ ቆጥሮታል።

መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ቆረጥኩ። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ እንዲነሳ አደረግኩና ማጽጃ ተብዬዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁለቱ ማስታወቂያ ከመደርደር በቀር እዚህ ግባ የሚባል ጉዳት የላቸውም። ሦስተኛው ግን ዓይን አውጣ ሌባ ነው። ሌላ ስም ለብሶ ተደብቋል፤ የሚሰካለትን ፍላሽ ሁሉ ለመበከል አድፍጧል። ወንድሜ ሰኞ ፍላሽ ይዞ ቢሄድ ኖሮ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች በሙሉ አልቆላቸው ነበር። ሦስቱንም ነቀልኩ። ምንም እንዳይጻፍበት ከቆለፍኩት ፍላሽ የማምነውን ፀረ ቫይረስ ጫንኩና ሙሉ ፍተሻ አስኬድኩ። ንጹሕ ነው አለ።

«በቃ፣ አለቀ» አልኩና ፎልደሩን በኩራት ተጫንኩት።

ብልጭ፣ ድርግም።

በሐፍረት ኩምሽሽ አልኩ። የወንድሜ ሚስት ወጥ ቤቱ በር ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ቀና እንኳ ሳትል «እኔን የሚሰማኝ የለም እንጂ፣ መዘጋት የጀመረው እኮ ማጽጃዎቹን ከማውረዱ በፊት ነው» አለች። «ተዘጋበት፣ መፍትሔ ብሎ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ነው ያ ቀይ ነገር የመጣበት።»

«ታዲያ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«ገና ከበር ሳትገቢ ቫይረስ ነው አልሽ። እናንተ ቤት ማን ያስወራል?»

እውነቷን ነው። የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ከመቼ ጀምሮ?» መሆን ነበረበት። ለደንበኛ ሁሉ የምጠይቀውን ለገዛ ወንድሜ ረሳሁት። አሁን ጠየቅኩት። «41ን ካስገባሁ ወዲህ» ብሎ ጻፈ። የመጨረሻውን ሲቀርጽ የስልኩ ባትሪ አልቆ መሃል ላይ ጠፍቶበት ነበር።

ያኔ ነገሩ ገባኝ። ፎልደሩ ሲከፈት ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን ቪዲዮ ትንሽ ምስል ላሳይ ይላል፤ ለዚያ ደግሞ እያንዳንዱን ገልጦ ማየት አለበት። በወጉ ሳይዘጋ የቀረው አርባ አንደኛው ላይ ሲደርስ ይደናቀፍና መስኮቱን ይዞት ይወድቃል። ምስል ማሳየቱን አስትቼ ስም ብቻ እንዲዘረዝር አደረግኩት። ፎልደሩ ተከፈተ። አርባ አንድ ስም፣ በተርታ። የወንድሜ ሚስት ቢላዋዋን እንደያዘች መጥታ አቀፈችኝ፤ ለትንሽ ተረፍኩ።

አርባውን በሁለቱም ዲስኮች ገለበጥኩ። «በል፣ ይህን ጥፋተኛ እናስወግደውና እንገላገል» ብዬ አርባ አንደኛውን ላጠፋ ስል ወንድሜ እጄን ቀጨም አደረገኝ። ሰሌዳዋን ስቦ «ትምህርቱ መጽሐፍ ላይ አለ። እዚህ ውስጥ ያለው የትም የለም» ብሎ ጻፈ። ጠረገውና ደግሞ «እንደገና እዪው» ብሎ ጻፈልኝ።

ያቺው የድሮዋ ቃል። ዛሬ ግን አላናደደችኝም፣ አስደነገጠችኝ እንጂ። ሳልጠይቅ ላጠፋው ነበር እኮ!

ዋናውን ሳልነካ ቅጂ አወጣሁና ቅጂው ላይ ሠራሁ። የተበላሸ ቪዲዮ የሚጠግን ፕሮግራም አለኝ፤ በዚያው ስልክ የተቀረጸ ጤነኛ ቪዲዮ ሲሰጡት፣ እሱን እያየ የጎደለውን ይሞላል። አርባኛውን ሰጠሁት። አንድ በመቶ አለ። ቆየት ብሎ ሁለት በመቶ። ተቀምጦ ማየቱ ስለከበደን ሦስታችንም ድንች ላጥን፤ ለጎረቤት የሚተርፍ ድንች።

ሲጨርስ ከፈትኩት። ወንድሜ ሰሌዳ ፊት ቆሟል። በዚያ ወፍራም ድምፁ «ዝም በሉ!» አለ። ትንሽ ቆየና «ጥያቄ ያለው?» ብሎ ቀጠለ። «ተሳስተሃል፣ ግን አካሄድህ ጥሩ ነው።» «አንተ ኋላ ያለኸው፣ ለእኛም ንገረንና አብረን እንሳቅ።» «ደወል ሳይደወል ማንም አይነሳም!» «ጎበዝ።» በትምህርቱ መሃል ጣል የሚያደርጋቸውን ቃላት አንድ በአንድ ለይቶ ቀርጿቸዋል። ከዚያ «ነገ ደግ...» እንዳለ ባትሪው አለቀ። ሚስቱ ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

እሑድ ቃላቱን ቆራርጬ እያንዳንዳቸውን ከላፕቶፑ አንድ አንድ ቁልፍ ጋር አያያዝኩለት። ክዳኑ ላይም በቀይ እስክሪብቶ የጻፍኩትን ወረቀት ለጠፍኩ፦ «ቀይ ሁሉ እርማት አይደለም። ከመጫንህ በፊት ለችኩሌ መልእክት ላክ።» አነበበና፣ ቀይ እስክሪብቶውን አውጥቶ ትልቅ ራይት አደረገበት።

ሰኞ ላፕቶፑን ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘሁና፣ ምናልባት አንድ ነገር ቢነቀል ብዬ ክፍሉ ኋላ ተቀመጥኩ። ርዕሰ መምህሩ በሩ አጠገብ ወንበር ስበው እጃቸውን አጣጥፈዋል። ተማሪዎቹ ገበያ አስመስለውታል። ወንድሜ አንድ ቁልፍ ተጫነ።

«ዝም በሉ!»

ክፍሉ እርጭ አለ። ቀጥሎ ከዳር እስከ ዳር ሳቅ ፈነዳ፤ ሁለት ወር ያልሰሙት የመምህራቸው ድምፅ ነዋ! ትምህርቱ ከቪዲዮው ቀጠለ። አንድ ልጅ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ተሳሳተ፤ አካሄዱ ጥሩ መሆኑ ተነገረው፤ አጥፍቶ እንደገና ሠራው፤ ጎበዝ ተባለ፤ ደረቱን ነፍቶ ተመለሰ። ርዕሰ መምህሩ ሲወጡ ጆሮዬ ጋ ጎንበስ ብለው «ለመጻሕፍት ቤቱ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አሉኝ።

ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ሲወጡ እኔ የድምፅ ማጉያውን ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ።

«አንተ ኋላ ያለኸው፣ ለእኛም ንገረንና አብረን እንሳቅ።»

ቀና አልኩ። ወንድሜ ድምፅ በሌለው ሳቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሳቁን ሲጨርስ ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ ብሎ ሌላ ቁልፍ ፈለገ። ጣቱን እላዩ ላይ አሳርፎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ተጫነው።

«ጎበዝ።»

ገመዱ ከእጄ ወደቀ።

«እንደገና» አልኩት።

ደግሞ ተጫነው።