የክንዴ ድንጋይ

ኩባንያው እንጅባራ ላይ ሆቴል ሲያስገነባ፣ በቆርቆሮ አጥሩ ላይ «ደኅንነት ይቅደም» ብሎ በትልቁ አስጻፈ። ደኅንነት በቀለም የሚመጣ መስሎት ይሆናል። ግንበኞቹን የሚያሠራው ካቦ ክንዴ ግን ሦስት ወር ሙሉ የደኅንነት ቀበቶ ሲለምን ከረመ። ኩባንያው «ሠራተኞቹ የተቋራጩ ናቸው፤ እሱን ጠይቅ» ይለዋል፤ ተቋራጩ ደግሞ «ቀበቶ የኩባንያው ድርሻ ነው» ይለዋል። በዚህ መሀል ከግንበኞቹ አንዱ፣ ደጉ የሚባለው፣ ዝናብ ካሟለጨው የባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ፣ ከአራተኛ ፎቅ ወደቀ። ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ደጉን ከዘንገና አምጥቶ ሥራ ያስገባው ክንዴ ነው። እንቅልፍ አጣ፤ እህል አልወርድ አለው። የደጉ አርባ በወጣ ማግስት፣ ማንም ሳያዘው፣ ሽማግሌ ሰብስቦ እንዳገሩ ወግ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ የሟች ሚስት ውብአየሁ ደጃፍ ላይ ተንበረከከ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከእኔ ሌላ ጥፋተኛ የለም። ስለ እግዚአብሔር ማሪኝ እታለም!»

ይቅርታ ለማኝ ጥፋቱን ከሌላ ጋር አይካፈልም፤ እንዲህ ሲባል ነው ያደገው። ውብአየሁ እያለቀሰች ድንጋዩን በሁለት እጇ አነሳችለት። ሽማግሌዎቹ ቃሉን በወረቀት አስፍረው አስፈረሙት። ክንዴ የዚያን ዕለት እህል ቀመሰ።

ሰኞ ተቋራጩ ጠራው። «እርቅ አወረዳችሁ አሉ፤ እሰይ! እስቲ ወረቀቱን ልየው» አለው። ክንዴም ደስ ብሎት ሰጠው። ምነው እጁ በተቆረጠ!

ሰኔ ላይ ውብአየሁ ልጆቿን የምታሳድግበት ካሳ ልትጠይቅ እዚያው ግንባታው ግቢ ውስጥ ወዳለው የኩባንያው ቢሮ ሄደች። ክንዴም ሊመሰክርላት አብሯት ገባ። ስለ ቀበቶው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልመናው አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ሥራ አስኪያጁ ሰምቶት ሲያበቃ ከመሳቢያው የወረቀቱን ፎቶ ኮፒ አወጣ።

«'ከእኔ ሌላ ጥፋተኛ የለም' ይላል። ፊርማው የማን ነው?»

«የእኔ። ግን ይሄ እኮ ለእርቅ የተባለ ነው ጌታዬ...»

«የማን ነው አልኩህ?»

«የእኔ።»

ሰውየው ወደ ውብአየሁ ዞረ። «ኩባንያው የለበትም። መክሰስ ከፈለግሽ ያውልሽ፣ ጥፋተኛው አጠገብሽ ቆሟል።»

ተያይዘው ወጡ። ክንዴ ቀና ሲል፣ ደጉ በወደቀበት መወጣጫ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል፤ ወገቡ ላይ ምንም የለም። ውብአየሁ አጥሩ ጥግ ስትደርስ ቆመች።

«አያ ክንዴ፣ ያን ድንጋይ ካንገትዎ ያነሳሁልዎ እኔ ነበርሁ። እርስዎ ግን መልሰው በልጆቼ ላይ ጫኑት።»

ክንዴ ማጅራቱን ዳበሰ።